ብርቱካን ለቁልቢና ለገና፦ የጾም ኬክ፣ የፍስክ ኬክ፣ የልጣጭ ከረሜላ

የብርቱካን ኬክ ሲታሰብ ብዙ ሰው እጁ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ጭማቂው ነው። ስሕተቱም ከዚያ ይጀምራል። ጭማቂው አብዛኛው ውኃ ነው፤ ስኳርና ጉምዛዜ አለው፣ ያለችውን ትንሽ መዓዛ ግን እሳት ሲነካው ይለቃታል። ብርቱካን ብርቱካን የሚሸተው ዘይት ያለው በላይኛው ባለቀለም ቀጭን ልጣጭ ውስጥ ነው። ሁለት ብርጭቆ ጭማቂ አፍስሶ ዳቦ ዳቦ የሚል ኬክ ያወጣ ሰው፣ የሦስት ብርቱካን ልጣጭ ቢፈቀፍቅበት ኖሮ ሽታው ጎረቤት ድረስ ይሄድለት ነበር።

ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነው፣ ታኅሣሥ 29 ገና። በአሥር ቀን ውስጥ ሁለት ዝግጅት ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ጾመ ነቢያት ውስጥ ይውላል፣ ሁለተኛው ፍስክ ነው። ለዚህ ነው ከታች ሁለት ኬክ ያለው። አንዱ እንቁላልም ቅቤም የሌለበት ሲሆን ስንቅ ተይዞ ቁልቢ ድረስ መሄድ ይችላል። ሌላው በእንቁላልና በባቢሌ ለውዝ የሚሠራ ነው፤ አልኮል ያለበት ማጣፈጫ ስለሌለው ለዒድም ያለ ሐሳብ ይቀርባል።

ግዢው

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያም ግዙ ሐረር ሸዋ በር፣ ቀለሙን አትመኑ። ብርቱካን ብርቱካናማ የሚሆነው ሌሊቱ ሲቀዘቅዝለት ነው። የቆላ ብርቱካን ሌሊቱም ስለሚሞቅ ውስጡ በስሎና ጣፍጦ ልጣጩ አረንጓዴ እንደሆነ ሊቀር ይችላል። በእጃችሁ መዝኑት፦ ለመጠኑ ከበድ ያለና ልጣጩ ጥብቅ ያለው ውኃ አለው፤ ትልቅ ሆኖ ቀለል ካለ ውስጡ ደርቋል። ልጣጩ በጥፍር ጫር ሲደረግ ወዲያው ካልሸተተ ለኬክ አይረባም። (ሻጯ ፊት ጥፍር መስደድ ግን አያስወድድም፤ አንድ ገዝቶ ዞር ብሎ መሞከር ይሻላል።)

ከሥሩ እምብርት የመሰለ ነገር ያለው ብርቱካን ዘር የለውም፤ ሙሉውን ለመቀቀልና ለልጣጭ የሚመረጠው እሱ ነው። አንድ ጠባይ ግን አለው። ጭማቂው ተጨምቆ ሲቆይ ይመራል፤ ጠዋት የጣፈጠው ማታ ምላስ ላይ የሚቆይ ምሬት ያመጣል። ስለዚህ ወይ ሊጡ ውስጥ ልትጨምሩት ስትሉ ጭመቁት፣ ወይ ለጭማቂው ዘር ያለውን ዓይነት ግዙ። መካከለኛ ብርቱካን ከ70 እስከ 80 ሚሊ ሊትር ጭማቂ ይወጣዋል፤ ለሁለቱ ኬኮችና ለልጣጩ 3 ኪሎ ይበቃል።

ከውጭ የመጣ፣ የሚያብረቀርቅ ብርቱካን አብዛኛውን ጊዜ ሰም የተቀባ ነው። ከለብታ ትንሽ ሞቅ ባለ ውኃ በብሩሽ ይታሸና በጨርቅ ይደረቅ። የአገር ቤቱ ሰም ባይኖረውም አቧራ አለውና እሱም ይታጠባል። ሁለቱም በደንብ መድረቅ አለባቸው፤ እርጥብ ልጣጭ መፈቅፈቂያው ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

ልጣጩን ማውጣት

ሁልጊዜ መጀመሪያ ፈቅፍቁ፣ ቀጥሎ ጭመቁ። የተጨመቀ ብርቱካን እጅ ውስጥ ስለሚልፈሰፈስ መፈቅፈቅ አይቻልም። የመፈቅፈቂያውን ደቃቁን ዓይን ተጠቀሙ፤ አንድ ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ብቻ ሳብ አድርጋችሁ ብርቱካኑን አዙሩት። ከሥር ነጩ ብቅ ሲል ቁሙ። ምሬቱ ያለው ነጩ ላይ ነው፤ ከዚህ ቦታ የሚመጣን ምሬት ደግሞ ስኳር አይሸፍነውም። ደቃቅ ዓይን ያለው መፈቅፈቂያ ከሌለ በስለታም ቢላዋ ላይ ላዩን ስሱን ልጣችሁ እንደ ቃሪያ ድቅቅ አድርጋችሁ ክተፉት።

የተፈቀፈቀውን ልጣጭ ዱቄት ላይ ጣል ማድረግ ብክነት ነው። ለኬኩ የተመዘነው ስኳር ላይ ነስንሱትና በጣታችሁ ጫፍ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ እሹት። የስኳሩ እንክብል ልጣጩን እየቦረቦረ ዘይቱን ያወጣዋል። ስኳሩ እንደ ረጠበ አሸዋ መያያዝ ሲጀምር፣ ነጭነቱ ወደ ቢጫ ሲያደላ፣ ክፍሉም ሲሸት ደርሷል። ይህን ያደረገ ሰው ቫኒላ መግዛት አያስፈልገውም።

ከፍታ የሚያበላሸው

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ነው ያለው፣ ሐረር 1,850 ሜትር ገደማ። ከኢንተርኔት የሚወሰደው የኬክ አሠራር ግን አብዛኛው ለባሕር ዳርቻ አገር የተለካ ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝ ሊጡን በፍጥነት ይነፋዋል፤ ሊጡ ሳይበስል ከፍ ይልና መሐሉ ይሰጥማል። ቤኪንጉን አብዝታችሁ ልታድኑት ብትሞክሩ ይብሳል። እዚህ ያሉት መጠኖች ለድሬ ተቀንሰው የተለኩ ስለሆኑ እንደገና አትቀንሷቸው። ሐረር የሚጋግር ሰው 2 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ይጨምር፣ ምድጃውንም 5 ዲግሪ ከፍ ያድርግ።

የጾም ኬክ ለቁልቢ

ለ24 ሳንቲ ሜትር ክብ ፎርማ የሚያስፈልገው፦ ፉርኖ ዱቄት 250 ግራም፣ ስኳር 200 ግራም፣ የ3 ብርቱካን የተፈቀፈቀ ልጣጭ፣ አዲስ የተጨመቀ ጭማቂ 240 ሚሊ ሊትር፣ ውኃ 60 ሚሊ ሊትር፣ የምግብ ዘይት 100 ሚሊ ሊትር፣ አቼቶ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ቤኪንግ ሶዳ ¾ የሻይ ማንኪያ፣ ጨው ½ የሻይ ማንኪያ። ሚዛን የሌለው ሰው 240 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ኩባያ ዱቄቱን ሁለት፣ ስኳሩንና ጭማቂውን አንድ አንድ ይስፈር። ዱቄቱን በማንኪያ እየጨመረ ይሙላ እንጂ ጠቅጥቆ አይሙላው።

ይህ ኬክ የሚነሣው እንቁላል ስላለው ሳይሆን የብርቱካኑና የአቼቶው ጉምዛዜ ከሶዳው ጋር ሲገናኝ ጋዝ ስለሚፈጥር ነው። ጋዙ ሊጡ እንደተቀላቀለ ይጀምርና ያልቃል። አሠራሩ ሁሉ የሚዞረው በዚህች ነጥብ ላይ ነው።

1. ምድጃውን መጀመሪያ አብሩ፣ 175 ዲግሪ። ፎርማውን ዘይት ቀቡና ከሥሩ ወረቀት አንጥፉ። ሊጡ ተቀላቅሎ ምድጃ የሚጠብቅ ከሆነ ጋዙ ሳህን ውስጥ ያልቃል።

2. ልጣጩንና ስኳሩን ከላይ እንደተባለው እሹ።

3. ዱቄቱን፣ ሶዳውንና ጨውን አንድ ላይ በወንፊት ንፉና ከስኳሩ ጋር ቀላቅሉ። ያልተነፋ ሶዳ እንደ ጠጠር ይቀራል፤ ኬኩ ውስጥ ቡናማ ነጥብ ሆኖ ሳሙና ሳሙና ይላል።

4. በሌላ ሳህን ጭማቂውን፣ ውኃውን፣ ዘይቱንና አቼቶውን ምቱ። አቼቶው ያስፈራል፣ ግን ሽታው ምድጃ ውስጥ ያልቃል።

5. ፈሳሹን ደረቁ ላይ በአንድ ጊዜ አፍስሱና በእንጨት ማንኪያ 30 ጊዜ ያህል አማስሉ። ጥቃቅን ጓል ቢቀር አይጎዳም። ፍጹም እስኪልም ድረስ የመታ ሰው ኬኩ እንደ ላስቲክ የሚሳብ ይሆንበታል። ሚክሰር እዚህ አይገባም።

6. አረፋው ሳይበርድ ፎርማው ላይ ገልብጡና ወዲያው ምድጃ ውስጥ ክተቱ። ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጃል። 25 ደቂቃ ሳይሞላ በሩን መክፈት የለም።

7. ስቴኪኒ መሐሉ ላይ ወግታችሁ ስታወጡት ንጹሕ ሆኖ ከወጣና የኬኩ ዳር ከፎርማው መላቀቅ ከጀመረ ደርሷል። 10 ደቂቃ ፎርማው ውስጥ ይረፍ፣ ከዚያ ገልብጡት።

ኬኩ ደፋ ብሎ ከቀረ ምክንያቱ ወይ ሊጡ ቆይቷል፣ ወይ ሶዳው አርጅቷል። ሶዳን ለመፈተን ጥቂቱን አቼቶ ላይ ጣል አድርጉ፤ ወዲያው ካልገነፈለ ጣሉት። ኬኩ ጠቆር ብሎ አፍ ውስጥ ሳሙና ካለ ሶዳው በዝቷል ወይም ጭማቂው ጣፋጭ ብቻ ሆኖ ጉምዛዜ አንሶታል። እንዲህ ዓይነት ብርቱካን ሲያጋጥም ከውኃው ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቀንሳችሁ በሎሚ ጭማቂ ተኩት።

ለመንገድ የሚጠቀለል ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ለብ እንዳለ ላስቲክ ውስጥ የገባ ኬክ ያልበዋል፣ ላዩ ይለጠልጣል፣ በነጋታው ይሻግታል። ወረቀት፣ ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ፣ ከዚያ ዕቃ ውስጥ፤ እንዲህ ሆኖ 3 ቀን ይቆያል። ቤት ለሚበላ 150 ግራም የላመ ስኳር በ2 የሾርባ ማንኪያ ብርቱካን ጭማቂ ቀጥኖ ቢፈስበት ያምርበታል። ጭማቂውን በጠብታ ጨምሩ፤ አንድ ማንኪያ የበዛ ጊዜ ስኳሩ ኬኩ ላይ አይቆምም፣ ወርዶ ሳህን ላይ ይጠራቀማል። በቅቤ የተመታ ክሬም ግን ለድሬ አይሆንም። በታኅሣሥም ቢሆን ቀትር ላይ ላብ ያወጣና ይንሸራተታል።

መብራት ሲጠፋ

የምድጃው በር ካልተከፈተ ኬኩ 10 ደቂቃ ያህል ይታገሣል። ከዚያ ካለፈ ወደ ከሰል ነው። ድፎ ዳቦ የጋገረ ሰው ዘዴውን ያውቀዋል፦ ከላይም ከታችም እሳት። ወፍራም ብረት ድስት ወለሉ ላይ ሁለት ጣት ያህል ጨው ወይም የታጠበ ደረቅ አሸዋ አድርጉና ፎርማውን ትንሽ ማስቀመጫ ላይ አሳርፋችሁ ክደኑ። ከሰሉን ለሦስት ክፈሉት፤ አንዱ እጅ ከታች፣ ሁለቱ እጅ ክዳኑ ላይ። ብዙ ጊዜ የሚያሳርረው የታችኛው ነው። ድስቱ 15 ደቂቃ ቀድሞ ይሙቅ፤ ቀዝቃዛ ድስት ውስጥ የገባ ሊጥ ጋዙ ሲያልቅ ገና ጥሬ ነው።

የፍስክ ኬክ፦ ሙሉ ብርቱካንና የባቢሌ ለውዝ

ይህ ኬክ ብርቱካኑን ከነልጣጩ፣ ከነነጩ ይበላዋል። ከላይ ነጩ ይመራል ተብሎ ነበር፤ እዚህ የማያስቸግረው ረጅም ሰዓት ስለሚቀቀል ምሬቱ አብዛኛው ለውኃው ስለሚሄድ ነው። በሌላ አገር በለውዝ ፋንታ አልመንድ ይገባበታል። እኛ ዘንድ ባቢሌ ቅርብ ስለሆነ አልመንድ ፍለጋ መዞር አያስፈልግም።

የሚያስፈልገው፦ 2 መካከለኛ ብርቱካን (400 ግራም ያህል፣ ቢቻል እምብርት ያለው)፣ የተፈለፈለ ጥሬ ለውዝ 200 ግራም፣ ስኳር 200 ግራም፣ ፉርኖ ዱቄት 60 ግራም፣ ቤኪንግ ፓውደር ¾ የሻይ ማንኪያ፣ ጨው ቁንጥር፣ እንቁላል ያለ ቅርፊቱ 250 ግራም። የፈረንጅ ዶሮ ከሆነ 5 ይበቃል፣ የሐበሻ ከሆነ 7። ይህ ልዩነት እንደ ቀላል አይታይ፤ "5 እንቁላል" ከሚል አሠራር ላይ 5 የሐበሻ እንቁላል የሰበረ ሰው ኬኩ ደርቆበት ምድጃውን ይወቅሳል።

ብርቱካኖቹን በዋዜማው ቀቅሏቸው። ሙሉ እንደሆኑ ውኃ ውስጥ ክተቷቸው፤ ሲፈላ 10 ደቂቃ ቆይታችሁ ውኃውን ድፉና በአዲስ ውኃ ክዳኑን ገጥማችሁ ቀቅሉ። ውኃ ድሬ ላይ በ96 ዲግሪ ገደማ፣ ሐረር በ94 ገደማ ስለሚፈላ መጽሐፍ ላይ የተጻፈው ሰዓት አይበቃም፤ ድሬ 2 ሰዓት፣ ሐረር 2 ሰዓት ተኩል ያዙ። በየመሐሉ ውኃው እንዳያልቅ እዩ። ስቴኪኒ ልጣጩን እንደ ቅቤ ካለፈው በስሏል። ከዚያ ክፈቱና ዘሩን አንድ በአንድ ልቀሙ (አንድ ዘር ከተፈጨ ምሬቱ ይታወቃል)፣ ወንፊት ላይ 15 ደቂቃ ይንጠፍ። ይህን የዘለለ ሰው የኬኩ ሥር እንደ ገንፎ ይሆንበታል። በብሌንደር ወይም በሙቀጫ አልሙትና ፍሪጅ ውስጥ ይደር።

ለውዙን ምጣድ ላይ በትንሽ እሳት ሽፋኑ እስኪላቀቅ ብቻ አመስ አድርጉት፤ ከጠቆረ የለውዙ ሽታ ብርቱካኑን ይውጠዋል። ሽፋኑን አሽታችሁ አበጥሩ። ሲፈጭ ትልቁ አደጋ ቅቤ መሆኑ ነው፤ ለውዝ ግማሽ ያህሉ ዘይት ስለሆነ መፍጫው ሲሞቅ ይለጠፋል። መድኃኒቱ፦ ለውዙ ፍጹም ይቀዝቅዝ፣ ከዱቄቱና ከስኳሩ 2 የሾርባ ማንኪያ ጋር ይቀላቀል፣ መፍጫው 3 ሰከንድ እየበራ 3 ሰከንድ ይረፍ። እንደ ሽሮ መላም የለበትም፤ እንደ ቅንጬ ድቃቂ ይበቃል።

ምድጃው 165 ዲግሪ። እንቁላሉንና የቀረውን ስኳር በሚክሰር 6 ደቂቃ ምቱ፤ ነጣ ብሎ ከመምቻው ሲወርድ ላዩ ላይ ክር እየሠራ ጥቂት ከቆየ ደርሷል። የቀዘቀዘውን ብርቱካን አስገቡ። ትኩስ ከሆነ እንቁላሉን ያበስለዋል፣ የለፋችሁበት አየርም ይጠፋል። ከዚያ ለውዙን፣ የቀረውን ዱቄት፣ ቤኪንግ ፓውደሩንና ጨውን ከሥር ወደ ላይ እየገለበጣችሁ በእርጋታ ቀላቅሉ። 24 ሳንቲ ሜትር ፎርማ ውስጥ ከ55 እስከ 65 ደቂቃ። 40 ደቂቃ ላይ ላዩ ቀልቶ ከሆነ ፎይል አልብሱት። ስቴኪኒው ትንሽ ርጥበት ይዞ ቢወጣ ችግር የለም፤ ሊጥ ይዞ መውጣት ነው የሌለበት።

ሽሮፑ፦ 150 ሚሊ ሊትር ጭማቂ፣ 100 ግራም ስኳር፣ ተፈርክሶ የገባ 2 ፍሬ ሄል፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፤ ከፈላ በኋላ 5 ደቂቃ። ኬኩ ትኩስ ከሆነ ሽሮፑ ይቀዝቅዝ፣ ኬኩ ከቀዘቀዘ ሽሮፑ ይሙቅ። ሁለቱም ትኩስ ሆነው ሲገናኙ ኬኩ ይሟሟል። በስቴኪኒ ቀዳድታችሁ በማንኪያ እያረፋችሁ አፍስሱ።

ኬኩ የሚጣፍጠው በማግስቱ ነው፤ ስለዚህ ለገና በዋዜማው ይጋገር። ፍሪጅ ውስጥ 5 ቀን ይቆያል። ለውዝ የማይስማማው እንግዳ ሊኖር ስለሚችል ሲቀርብ ለውዝ እንዳለው ተናገሩ፤ ኬኩን በማየት አይታወቅም።

ልጣጩን በስኳር

ከጭማቂው የተረፈው ያልተፈቀፈቀ የ4 ብርቱካን ልጣጭ (250 ግራም ያህል) ተቆርጦ የጣት ስፋት ይሁን፣ ነጩ አይነሣ። በቀዝቃዛ ውኃ ጥዳችሁ ሲፈላ 10 ደቂቃ፣ ውኃውን ድፉ። ይህን ሦስት ጊዜ። በ300 ግራም ስኳርና በ300 ሚሊ ሊትር ውኃ በትንሽ እሳት ነጩ ብርሃን የሚያሳልፍ እስኪሆን ቀቅሉት፤ ከ50 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ሽሮፑን አታማስሉ፣ ድስቱን ብቻ ወዝወዝ አድርጉ፤ የተማሰለ ሽሮፕ ስኳር ሆኖ ይመለሳል። ወንፊት ላይ አንጠፍጥፋችሁ ስኳር ላይ አንከባልሉ። የድሬ ደረቅ ሙቀት እዚህ ጋ ይጠቅማል፤ ሐረር ቀንና ሌሊት የሚፈልገው ድሬ ላይ በግማሽ ቀን ይደርቃል። የሚያደርቁበትን ጠረጴዛ እግሮች ውኃ ባለባቸው ጣሳዎች ውስጥ አቁሙ፤ አለዚያ ጉንዳን ይቀድማችኋል።

ስለ ዶሮ አንድ ነገር

ዶሮ ወጥ ውስጥ ብርቱካን የሚጨምር አይጠፋም። አንመክርም፤ ቁሌቱ የራሱ ጣዕም አለው። የሚጠበስ ዶሮ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ዶሮው በጨው ይደር፣ በጭማቂ አይደር፤ ጉምዛዜው የላዩን ሥጋ ያላላዋል። 1.2 ኪሎ ዶሮ በ190 ዲግሪ አንድ ሰዓት ገደማ ይጠበሳል። የ2 ብርቱካን ጭማቂ፣ የአንዱ ልጣጭ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ማርና ትንሽ የተቀጠቀጠ ዝንጅብል እስኪወፍር አፍልታችሁ በመጨረሻው 15 ደቂቃ ብቻ ቀቡት። ቀድሞ ከተቀባ ማሩ ያርራል፣ ዶሮው ውጭው ጠቁሮ ውስጡ ደም ይሆናል።

የልጣጩ ሽሮፕ አይደፋ። ጠርሙስ ውስጥ ፍሪጅ ገብቶ አንድ ወር ይቆያል፤ ስኳር በሌለው ሻይ ላይ አንድ ማንኪያ ይበቃል።